ከቢቸና ያመጣሁት አየር

በ1959 ዓ.ም. በበጋ፣ በጥር ወር፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው የሠርግ ሰሞን የሆነ ነገር ነው። ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ሴት ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄ አምስት ወር ሆኗት ነበር። ባለቤቴ አለሙ ሞተረኛ ነበር። ቢቸና ባለው ወፍጮ ቤት ሦስት ዓመት ሠርቷል፤ የወፍጮው ጌታ ባላምባራስ ሞጣ ላይ ሁለተኛ ወፍጮ ሲተክሉ እኛን ወደዚያ አዛወሩን።

አባቴ ቄስ ስለነበሩ ከወንድሞቼ ጋር ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ደግሜያለሁ። አለሙ ማንበብ አይችልም ነበር። ሞተር ግን ድምፁን ሰምቶ የቱ ጋ እንደታመመ ይናገራል።

የኛ ሞተር በእጅ የሚዘወር ዓይነት አልነበረም። በጎኑ ያለው የብረት መንኮራኩር ከሰው ቁመት ይበልጣል። የሚነሣው በአየር ነው። ጥግ ላይ ቦምቦላ የምንለው ወፍራም የብረት ዕቃ ይቆማል፤ ውስጡ አየር ታምቆ ይቀመጣል። መዝጊያው ቫልቮላ ሲከፈት አየሩ እየጮኸ ገብቶ ሞተሩን ይገፋዋል። መንኮራኩሩ ዞሮ ናፍጣው ከተቀጣጠለ በኋላ ሞተሩ በራሱ ይሄዳል፤ እየሄደም በትንሽ መጭመቂያ የወሰደውን አየር ለቦምቦላው ይመልሳል። ለመመለስ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ቦምቦላው ባዶ ከሆነ ሞተሩን የሚያስነሣው ሰው የለም።

የሞጣው ሞተር ከመገዛቱ በፊት አቶ ዮሐንስ የሚባሉ መካኒክ ከአዲስ አበባ ወደ ቢቸና መጡ። ምሳ የበሉት እኛ ቤት ነው። እጃቸውን ሳስታጥባቸው ወደ አለሙ ዞሩ።

«አለሙ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጠዋት ሞተሩ እስኪነሣ ስንት ጊዜ ትሞክራለህ?»

«አንድ ጊዜ።»

«ብርድ በሆነ ቀንስ?»

«እኔ እያለሁ? አንድ ጊዜ ነው።»

«የምጠይቅህ ላመሰግንህ አይደለም» አሉት። «የሞጣውን ቦምቦላ የምለካው አንተ በምትነግረኝ ነው። ቦምቦላው ሲሞላ መለኪያው ሠላሳ ላይ ይቆማል። እያንዳንዱ ሙከራ ሦስት ይበላል። ከአሥራ አምስት በታች ከወረደ ጉልበት የለውም። ስለዚህ አንድ ቦምቦላ ማለት አምስት ሙከራ ነው። ባንዴ የምታስነሣ ከሆነ አንድ ቦምቦላ ይተርፍሃል። ሦስት አራት ጊዜ የምትሞክር ከሆነ ግን ሁለት ልላክልህ።»

«አንድ ይበቃል» አለ አለሙ።

አቶ ዮሐንስ ወደ እኔ ቀና አሉ። «እመቤት፣ እርስዎስ? ቤትዎ ከሞተሩ ጀርባ ነው።»

ቤታችንን ከሞተሩ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። የአየሩን ጩኸት ጠዋት ጠዋት እሰማለሁ። ብርድ በሆነ ቀን ሦስት ጊዜ ይጮኻል።

«እሱ ያውቃል» አልኩ።

አንድ ቦምቦላ ተጻፈ።

ከመሄዳቸው በፊት ለሞተሩ አያያዝ ሰባት ትእዛዝ ነገሩኝና በደብተር ጻፍኩ። ለአለሙ ብዙ ጊዜ አንብቤለታለሁ። አራተኛውን ሲያስጽፉኝ ሁለት ጊዜ ደገሙት።

የሞጣው ወፍጮ የሚመረቀው ሐሙስ ቀን ነበር። ለሠርግ የሚፈጭ እህል ግቢውን ሞልቶታል። ባላምባራስ ከተማውን ሁሉ ጠርተዋል፤ የወረዳው ገዥም እንደሚመጡ ተነግሯቸዋል። እኔ ልጄን አዝዬ ከሴቶቹ ጋር በሩ አጠገብ ቆምኩ። እጄ ላይ መቁጠሪያ ነበር። መለኪያው ሠላሳ ላይ ነበር።

ጠዋት አለሙ ቫልቮላውን ከፈተ። አየሩ ጮኸ፤ መንኮራኩሩ አንድ ዙር ዞሮ ቆመ። ሁለተኛ ሞከረ፤ ሞተሩ ተነሣ። ሴቶቹ እልል አሉ። በመቁጠሪያዬ ላይ ሁለት ፍሬ አሳለፍኩ።

ወዲያው ባላምባራስ እጃቸውን አነሡ። «አጥፋው! አባ ተክሌ አልደረሱም። ሳይባርኩት እንዴት ይሄዳል?»

አለሙ አጠፋው። የንስሐ አባቴ አባ ተክሌ ቅዳሴ አድርሰው መጡ፤ ጸበል ረጩ። ለእሳቸው ተነሣ። ሦስት።

ጥቂት እንደሄደ የገዥው ሰዎች ቀድመው ገቡ። ባላምባራስ አሁንም አስጠፉት። «እንግዳ ሲገባ ነው መነሣት ያለበት። የሚሄድ ሞተርማ ምኑ ይታያል?» ለእነሱም ተነሣ። አራት።

በየመሃሉ ሞተሩ የሠራው እፍኝ እህል የማያስፈጭ ጊዜ ነው። ወደ ቦምቦላው የተመለሰ አየር የለም ማለት ይቻላል። አለሙ መለኪያውን እያየ ነበር፤ ፊቱን አውቀዋለሁ። ግን ባላምባራስን እንቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም። እኔም ቁጥሩን ይዤ ዝም አልኩ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሴት ምን ብላ ትናገራለች ብዬ ነው።

ገዥው ሲደርሱ ሞተሩ እንደገና ጠፋ። እልልታው ቀለጠ። አለሙ አማተበና ከፈተ። አየሩ እንደ ደከመ ሰው ተነፈሰ። መንኮራኩሩ ግማሽ ዞሮ ወደ ኋላው ተመለሰ።

አምስት።

አለሙ ደግሞ ከፈተ፤ መንኮራኩሩ አልነቃነቅ አለ።

ገዥው ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ። «ብረት ነው፣ ይደክመዋል። ዛሬ ካልሆነ ነገ ነው» ብለው ወደ ድንኳኑ ገቡ። ባላምባራስ ግን ላብ በላብ ሆኑ። ከሕዝቡ መሃል አንዱ «ባላምባራስ፣ የእጅ ወፍጮ ይምጣ እንዴ?» አለ፤ ሰው ሳቀ።

ያን ጊዜ ባላምባራስ ኑሩን አዩት። ኑሩ የሞጣ ልጅ፣ ሙስሊም፣ በያጅ ነው። ሱቁ ከወፍጮው ፊት ለፊት ነበር።

«ኑሩ! አንተም ጋ ቦምቦላ አለ አይደል?»

«አለ፣ ኦክስጅን ነው። ትናንት የመጣ፣ ሙሉ ነው።»

«ያው የታመቀ አየር ነው?»

«ከአየር የሚወጣ ነው ይላሉ። ከእናንተው የበለጠ ጉልበት አለው። የቱቦው አፍ አይገጥምም እንጂ፣ እሱን እኔ አገጣጥመዋለሁ።»

«አምጣው!»

ሁለት ሰዎች ቦምቦላውን መሬት ለመሬት እያንከባለሉ አመጡት። አለሙ ቁልፉን ይዞ የኛን ቱቦ መፍታት ጀመረ። የሚያፋጥነው ኀፍረቱ ነው። እጁ፣ ቱቦው፣ ሞተሩ ሁሉ ዘይት ነው። በዙሪያው የቆመው ሰው አርባ ሃምሳ ይሆናል።

እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። በወንዶቹ መካከል አለፍኩ። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ፣ ልጄን እንዳዘልኩ የኑሩ ቦምቦላ ላይ ተቀመጥኩበት።

መጀመሪያ የታመምኩ መሰላቸው። አንዷ ሴት «ውኃ! ውኃ!» አለች።

«አለሙ፣ ሚስትህን አንሣ» አሉ ባላምባራስ።

«ጥሩዬ፣ ተነሺ» አለኝ። «አታዋርጂኝ።»

«ቁጥር አራት» አልኩት።

የያዘው ቁልፍ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ምንድን ነው የምትለው?» አሉ ባላምባራስ።

ከኋላ አንድ ሰው «ባል ሞተረኛ፣ ሚስት ደብተራ!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ እንደገና ተነሣ። ያልሳቀው ኑሩ ብቻ ነው። ጎንበስ ብሎ ጠየቀኝ።

«እህቴ፣ ቁጥር አራት ምን ይላል?»

በቃሌ አልኩለት። «ሞተሩን ከተራ አየር በቀር በምንም አታስነሡ። ኦክስጅን አታስገቡ። ዘይት ካገኘ ይፈነዳል፤ አጠገቡ ያለ ሰው አይተርፍም።»

«ዘይት ካገኘ?»

«ዘይት ካገኘ።»

ወደ አለሙ ዞረ። «እዚያ ውስጥ ዘይት አለ?»

«ዘይት የሌለው ሞተር የት አለ?» አለ አለሙ።

ኑሩ እጆቹን አየ። «እኔ ይህን ቫልቮላ የምነካው በሳሙና ታጥቤ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሥራ ያስተማረኝ ጌታዬ እጄ ላይ ቅባት ካየ በዱላ ነበር የሚለኝ። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። የጽዳት ነገር ይመስለኝ ነበር።» ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ባላምባራስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቦምቦላዬን እወስዳለሁ። እህቴ፣ ተነሺልኝ፣ ንብረቴ ላይ ነው የተቀመጥሽው» አለ።

አለሙ ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እኔም አልነካም» አለ።

ባላምባራስ ወደ አለሙ ዞሩ። «እስከ ነገ ምሽት ድረስ» አሉ። «ገዥው ከመሄዳቸው በፊት ይህ ሞተር ካልተነሣ፣ ሚስትህንም ደብተሯንም ይዘህ ከግቢዬ ትወጣለህ።»

አየር ያለው ቢቸና ነው። የዚያው ዓይነት ሞተር አለ፤ ቦምቦላችንን የሚሞላ መጭመቂያም አለ። ወደ ቢቸና የሚመለስ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር። ባላምባራስ አለሙን «አንተ ከዚህ ንቅንቅ አትልም» ስላሉት እኔ ሄድኩ። አራት ሰው ባዶውን ቦምቦላ ጫነው። ሹፌሩ ከፊት አስቀመጠኝ።

«ምንድን ነው የምታስሞዪው፣ እሜቴ?»

«አየር።»

«ሞጣ አየር አለቀ? እኔ እኮ መስኮቱን ስከፍት በነጻ ይገባል!» እስከ ጉንደ ወይን ድረስ በዚሁ ሳቀ። እኔ ጸሎቴን እያደረስኩ ነበር።

ቢቸና ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። አክስቴ ቤት አደርኩ። ሲነጋ አለሙን የተካው ሞተረኛ ጌጡ ሞተሩን አስነሥቶ ቦምቦላችንን ከመጭመቂያው ጋር አገናኘ። ነገሩን ስነግረው እጁን በእጁ መታ።

«አለሙ ነው እንዲህ የሆነው? ባንዴ የሚያስነሣው አለሙ? እኔን እኮ ሥራውን ሲያስረክበኝ ስንት ጊዜ ሰድቦኛል!»

«ባንዴ አልነበረም» አልኩት። «ብርድ ሲሆን ሦስት ጊዜ ነበር። እሰማው ነበር።»

ጌጡ ሳቁን አቆመ። «እኔም ሦስት ጊዜ ነው» አለ። «ሰነፍ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።»

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ መለኪያው ሠላሳ ላይ ቆመ። ቫልቮላውን አጥብቆ ዘጋልኝ። ከጭድ ላይ አጋደምነው፤ በገመድ አሰርነው። በመልሱ መንገድ ከፊት አልተቀመጥኩም፤ ከኋላ ከቦምቦላው ጋር ሆንኩ። ዓርብ ነበር፤ እህል አልቀመስኩም። ልጄን ግን አጠባኋት።

መንገዱ ድንጋይ ነው። ጉንደ ወይን ደርሰን መኪናው ሲቆም፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጸጥ ባለ ጊዜ፣ የምትተነፍስ ነገር ሰማሁ። ልጄ መሰለችኝ። ጆሮዬን ቦምቦላው ላይ አደረግኩ። ቫልቮላው በመንገጫገጭ ላልቶ ነበር። መለኪያው ሃያ አራት ላይ ወርዷል።

ሹፌሩን ጠራሁት፤ በትልቁ ቁልፉ አጠበቀው። ምራቄን ቀብቼ አየሁ፤ አረፋ አላወጣም። ከሠላሳው ላይ ስድስቱ ሄዷል። ሦስት ሙከራ ብቻ ቀርቷል። ሹፌሩ ከዚያ በኋላ አልቀለደም፤ ቀስ ብሎ ነዳ።

ሞጣ የገባነው ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም ነው። ባላምባራስ፣ አባ ተክሌ፣ ኑሩ፣ ሌላም ሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ቦምቦላው ቦታው ገባ፤ አለሙ ቱቦውን አሰረ።

«ስንት ነው?» አለኝ።

«ሃያ አራት። ሦስት ጊዜ።»

ከፈተ። መንኮራኩሩ ዞረ፤ ጭስ አወጣና ቆመ። ሁለተኛ ከፈተ። አንድ ጊዜ ተኩሶ ቆመ።

እጁ ለሦስተኛው ሲሄድ «ቆይ» አልኩት። ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩ። «ቢቸና ላይ ሦስተኛው የሚይዝልህ ምን አድርገህ ነበር?»

እጁን መልሶ በሩ ላይ የቆመውን ሰው አየ።

«አለሙ።»

«ሙቅ ውኃ» አለ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው። «ብረቱን በሙቅ ውኃ አሞቀው ነበር። ሰው ሳይመጣ።»

ዞር ብዬ ለሴቶቹ «ውኃ አሙቁ» አልኳቸው። ለሠርግ እህል የመጡት ሁሉ እንጨት ለቀሙ፤ የድንኳኑ ጋን ሳይቀር ተጣደ። አለሙ በሰው ሁሉ ፊት ሙቁን ውኃ የማቀዝቀዣው ውኃ በሚገባበት ቀዳዳ ጨመረ፤ በጆግ፣ በቅል፣ በባልዲ እያቀበሉት። ባላምባራስ «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉት፣ «ብርድ ሲሆን ባንዴ አይነሣልኝም፣ ጌታዬ» አላቸው። ሲናገር ሰማሁት። ለመናገር ቀላል አልነበረም።

አባ ተክሌ «በስመ አብ» አሉ። አለሙ ከፈተ። አየሩ ጮኸ። መንኮራኩሩ አንድ ዞረ፣ ሁለት ዞረ፣ ከዚያ ሞተሩ ያዘ። መሬቱ ከእግራችን በታች ተንቀጠቀጠ።

ገዥውን ሊጠሩ ሰው ሲሮጥ ባላምባራስ በልማዳቸው እጃቸውን አነሡ። «እሳቸው እስኪደርሱ አጥ—»

«አይጠፋም» አልኩ።

ይህን ያህል ጮክ ብዬ መናገሬ ለራሴም ገረመኝ። ባላምባራስ አዩኝ። ከዚያ መለኪያውን አዩ፤ አሥራ አምስት ላይ ነበር። እጃቸውን አወረዱ። ገዥው መጥተው የሚሄድ ሞተር አዩ። ደስ ብሏቸው ሄዱ። እህሉ እስኪጨልም ተፈጨ።

ይህ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል። አለሙ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቶ፣ ሁለት እጆቹን ይዞ፣ በአልጋው ላይ ዐረፈ። ያኔ ጀርባዬ ላይ የነበረችው ልጅ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ኑሩንም በጸሎቴ አስታውሰዋለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ደፋር ሴት ነበረች እንድትሉኝ አይደለም የጻፍኩት። ኦክስጅኑ እዚያ ግቢ የገባው አምስቱ ሙከራ ስላለቀ ነው። አምስቱ ሲያልቅ በመቁጠሪያ እየቆጠርኩ ነበር። ከዚያም በፊት፣ የቦምቦላው ልክ ሲወሰን፣ በሳህን ላይ ውኃ እያፈሰስኩ የማውቀውን ደብቄአለሁ። ዝምታዬን ትሕትና እለው ነበር። ለአባ ተክሌ ስናዘዝ፣ «ከአምስቱ አንዱን የበላሁት እኔ ነኝ፤ ለእኔም ጸልዪልኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ሳውቅ እናገራለሁ። ብዙ አልናገርም፤ ቁጥሩን ግን እናገራለሁ።

ሞተሩ በተነሣ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመለስኩና ከደብተሩ አንድ ወረቀት ቀደድኩ። ሹፌሩ ሊሄድ መኪናውን እያሞቀ ነበር። ለአቶ ዮሐንስ መጻፍ ጀመርኩ። ከሰላምታ በኋላ፣ ቢቸና ላይ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልስ ሳልሰጥዎ ቀርቻለሁ፤ ሞተሩ ብርድ በሆነ ቀን የሚነሣው በሦስተኛው ነው፤ ሁለተኛ ቦምቦላ ያስፈልገናል ብዬ ጻፍኩ። አለሙ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

አነበብኩለት።

ጨርቁን አጠፈው፤ ደግሞ ፈታው።

«አራት የሚሆንበትም ቀን አለ» አለ። «አራት በዪው።»

ሦስቱን ሰረዝኩና አራት ብዬ ጻፍኩ።